የቦርድ አባልነትን ከመቀበል እስከ መልቀቅ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ማኅበራት ዳይሬክተሮች የአሠራር መመሪያ

በአካባቢያችን አክሲዮን ማኅበር ሲቋቋም ለቦርድ የሚጠቆመው ብዙውን ጊዜ ሰው የሚያከብረው ነው፤ በንግዱ ስም ያለው፣ በሽምግልና የሚታወቅ፣ ሐጂ ወይም ጋሼ የሚባል። እምቢ ማለት ስለሚከብደው ይቀበላል። ከዚያ በኋላ በወር አንዴ ብቅ ብሎ የቀረበለትን ፈርሞ ይሄዳል። ማኅበሩ እስካተረፈ ድረስ ማንም ምንም አይጠይቅም። ኪሳራ ሲመጣ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህን ማን ፈረመ?» የሚል ነው።

የንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ዳይሬክተርን፣ ማለትም የቦርድ አባልን፣ የሚመዝነው ባሳየው ጥንቃቄና ታማኝነት ነው። ከሕጉ፣ ከመመሥረቻ ጽሑፉና ከጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ የሚመነጩ ግዴታዎችን ካልተወጣ ለማኅበሩ በግሉ ተጠያቂ ይሆናል፤ ከሌሎች አባላት ጋር በአንድነትና በነጠላ። ይህ ማለት ባለመብቱ ሙሉውን ካሳ ንብረት ካለው ከአንዱ አባል ብቻ መጠየቅ ይችላል፤ ያ አባል የሌሎቹን ድርሻ ራሱ ተከታትሎ ያስመልስ። ጉዳት የሚያደርስ ነገር መኖሩን እያወቀ ለመከላከል ወይም ለማቃለል የቻለውን ያላደረገም እንዲሁ ይጠየቃል። ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን የማስረዳት ሸክም ያለውም በራሱ በዳይሬክተሩ ላይ ነው። ስለዚህ ሥራውን በደንብ መሥራት ብቻውን አይበቃም፤ መሥራትዎን የሚያሳይ ወረቀትም ያስፈልጋል።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ለአክሲዮን ማኅበር ቦርድ አባላት ነው። የኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ከሆኑ ስለ ቼክ፣ ስለ ግብርና ስለ ጥቅም ግጭት የተጻፈው እርስዎንም ይመለከታል። «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለው ስም የሚከላከለው አባሉን ነው፤ ካዋጣው ገንዘብ በላይ እንዳይጠየቅ። በአስተዳደር ጥፋት ለሚጠየቅ ሥራ አስኪያጅ ከለላ አይሆንም።

ከመቀበልዎ በፊት

እሺ ከማለትዎ በፊት አንድ ሳምንት ይጠይቁና የሚከተሉትን ወረቀቶች ያንብቡ፦ መመሥረቻ ጽሑፉንና መተዳደሪያ ደንቡን ከነማሻሻያዎቻቸው፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት የኦዲት ሪፖርት፣ የቦርዱን ቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ የባንክ ብድር ውሎችን፣ የግብር ክሊራንስና በፍርድ ቤት የተያዙ ጉዳዮችን ዝርዝር።

በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ሁለት ነገር ይፈልጉ። ቦርዱ ያለ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ምን ማድረግ አይችልም? ሥራ አስኪያጁስ ያለ ቦርዱ ፈቃድ እስከ ስንት ብር መፈረም ይችላል? ሁለተኛው ካልተጻፈ በመጀመሪያው ስብሰባዎ እንዲወሰን አጀንዳ ያስይዙ። በቢሮው መሳቢያ ያለው ቅጂ ከንግድ መዝገብ ከገባው ጋር የማይመሳሰልበት ጊዜ አለ፤ ማሻሻያ ተወስኖ ሳይመዘገብ ይቀራል። ስለዚህ የቢሮውን ቅጂ ንግድ መዝገብ ውስጥ ካለው ጋር ያመሳክሩ።

በኦዲት ሪፖርቱ ላይ ቁጥሩን ከማየትዎ በፊት የኦዲተሩን አስተያየት ያንብቡ። «ከዚህ በስተቀር» የሚል ሐረግ ካለ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ዐረፍተ ነገር ይዘው ሥራ አስኪያጁን ይጠይቁ። ከተዛማጅ ወገኖች ጋር የተደረገ ግብይት የሚለው ማስታወሻም በጥሞና መነበብ አለበት፤ የአባላት ብድር፣ የዘመድ ኪራይና የወንድም አቅርቦት የሚታዩት እዚያ ነው።

በ2014ቱ ጦርነት ሰነድ የጠፋበት ማኅበር ከሆነ ነገሩን «ተዘርፏል» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ቦርዱ የጠፋውን በዝርዝር በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ለፖሊስ የተመዘገበ ማስረጃ ካለ አብሮ ይቀመጥ። ከዚያ የመመሥረቻ ጽሑፉን ቅጂ ካረጋገጠው የሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤትና ከንግድ መዝገብ፣ የሒሳብ መግለጫዎችን ከባንኩ፣ የቀድሞ የግብር ማስታወቂያዎችን ከገቢዎች፣ የኦዲት ሪፖርቶችን ከኦዲተሩ ይጠይቁ። የጠፋ ሰነድ ያለበት ማኅበር ቦርድ ሲቀየር አዲሱ ቦርድ ርክክቡን «የተረከብነው ይህ ብቻ ነው» ብሎ ዘርዝሮ ካልፈረመ፣ ከሱ በፊት የነበረውን ጉድለትም እሱ ሊያስረዳ ይገደዳል።

ስብሰባና ቃለ ጉባኤ

ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ፍርድ ቤት ከዓመታት በኋላ የቦርዱን ሥራ የሚያየው በቃለ ጉባኤው በኩል ነው።

አጀንዳው ከነወረቀቱ ከስብሰባው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ይድረስዎት። የሃያ ሚሊዮን ብር ማሽን ግዢ ስብሰባው ሲጀመር ተገልጾ ምሳ ሳይደርስ የሚጸድቅ ከሆነ፣ ነገሩ ጥሩ ሆኖ እንኳ ጥንቃቄ መደረጉን የሚያሳይ ነገር አይኖርም። «ወረቀቱን አላነበብኩም፤ ለሚቀጥለው ይተላለፍ» ማለት ነውር አይደለም። ካልተቀበሉዎት ይህንኑ ያስመዝግቡ።

ቃለ ጉባኤው ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተገኙትንና የቀሩትን፣ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን፣ የቀረቡትን ሰነዶች፣ የተነሡትን ጥያቄዎች፣ ውሳኔውንና ድምፁን መያዝ አለበት። ብዙ ቦታ የሚጻፈው «ቦርዱ በጉዳዩ ላይ በስፋት ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ ወስኗል» የሚል ብቻ ነው። ይህ አይከላከልልዎትም። ሦስት ፕሮፎርማ ቀርቦ ከነበረ ዋጋዎቹ ይጻፉ፤ ባለሙያ ተጠይቆ ከነበረ ምን እንዳለ ይጻፍ፤ ርካሹ ካልተመረጠ ምክንያቱ ይጻፍ። በቅን ልቦና፣ በቂ መረጃ ተይዞ የተወሰነ ነገር ኋላ ላይ ቢከስር ኪሳራው ብቻውን ጥፋት አይደለም። ለዚያ ግን መረጃው በጊዜው መኖሩ መታየት አለበት።

የመዝገቡ ገጾች ቁጥር ይኑራቸው። በኮምፒውተር ተጽፎ በፋይል የሚቀመጥ ከሆነ እያንዳንዱ ገጽ ይፈረምበት። የመጨረሻው ገጽ ብቻ ሲፈረም ከፊቱ ያለው ገጽ ይቀየራል፤ ይህ ከሚያጋጥሙት ነገሮች ሁሉ ክፉው ነው።

ካልተስማሙስ? በአዳራሹ ውስጥ አንገት መነቅነቅ ወይም ከስብሰባው በኋላ ለጓደኛ «እኔስ አልተዋጠልኝም ነበር» ማለት አይጠቅምም። ጥፋት የሌለበት ዳይሬክተር ከተጠያቂነት የሚድነው ተቃውሞውን ሳይዘገይ በቃለ ጉባኤ ሲያስመዘግብና ወዲያውኑ ለኦዲተሩ በጽሑፍ ሲያሳውቅ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይረሳል። አጻጻፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በአጀንዳ ተራ ቁጥር 3፣ ለማኅበሩ መጋዘን ኪራይ የቀረበውን ውል በተመለከተ፣ የቦርድ አባል አቶ … ኪራዩ በአካባቢው ካለው ዋጋ በላይ መሆኑን፣ የሌላ መጋዘን ዋጋ አለመቅረቡንና አከራዩ የሥራ አስኪያጁ ወንድም መሆኑን በመግለጽ ውሳኔውን ተቃውመዋል። ተቃውሟቸው በስማቸው እንዲመዘገብ ጠይቀው ተመዝግቧል።»

ጸሐፊው «ስምምነታችን አይበላሽ፣ ይተወው» ቢልዎት ቃለ ጉባኤውን ሲፈርሙ ከፊርማዎ ጎን «በአጀንዳ 3 በልዩነት» ብለው በእጅዎ ይጻፉ። በዚያው ቀን ለቦርዱ ሰብሳቢ ደብዳቤ ይላኩ፤ ግልባጩን ለውጭ ኦዲተሩ ያድርሱና በእርስዎ ቅጂ ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን ያስደርጉ። በወሎ፣ ሰውን ፊት ለፊት መቃወም ከባድ እንደሆነ እናውቃለን፤ ሰብሳቢው በዕድሜ አባት ከሆኑ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። «ሐጂ፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ እኔ ግን በዚህ ላይ በልዩነት ይያዝልኝ» ማለት ግን ማንንም አያዋርድም፤ ይልቁንም ሰብሳቢውንም ቆም ብለው እንዲያዩት ያደርጋቸዋል።

ቀርተው ከነበረ ቃለ ጉባኤውን አስመጥተው ያንብቡ። መቅረት ብቻውን አያድንም፤ በተደጋጋሚ መቅረት ራሱ ቸልተኝነት ነው።

የራስ ጥቅምና ዘመድ

ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ የተያያዙ ከተሞች ናቸው፤ የሲሚንቶው ነጋዴ፣ የጭነት መኪናው ባለቤትና የመጋዘን አከራዩ አንድ ቤተሰብ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዘመድ መግዛት በራሱ ክልክል አይደለም። የሚያስጠይቀው መደበቁ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። እርስዎ፣ የትዳር ጓደኛዎ ወይም የቅርብ ዘመድዎ ከማኅበሩ ጋር ልትዋዋሉ ስትሉ አስቀድመው ለቦርዱ በጽሑፍ ይግለጹ። ዝምድናውን፣ የውሉን መጠንና የሚያገኙትን ጥቅም ይጻፉ። ጉዳዩ ሲታይ ከክፍሉ ይውጡ፤ ድምፅ አይስጡ። መውጣትዎ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ሌሎቹ አባላት ቢያንስ ሁለት ሌላ ዋጋ አይተው ይወስኑ፤ ለኦዲተሩም ይነገረው። መመሥረቻ ጽሑፉ የጠቅላላ ጉባኤ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ እስከዚያ ድረስ ውሉ አይፈረም።

ከማኅበሩ ገንዘብ መበደርና ማኅበሩን ለግል ብድር ዋስ ማድረግ ግን ለዳይሬክተር የተከለከለ ነው። «ለሁለት ሳምንት ብቻ፣ ዕቃው ከጅቡቲ እስኪደርስ» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከባዕድ ሳይሆን ከቦርድ ባልደረባ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ ሕጉ አይፈቅድም። ከማኅበሩ ጋር የሚወዳደር ንግድ ካለዎት፣ ወይም በቦርዱ ያወቁትን የመሬት፣ የጨረታ ወይም የወኪልነት ዕድል ለራስዎ ካዋሉት፣ ያገኙትን ጥቅም እስከ መመለስ ሊደርሱ ይችላሉ።

ቼክና የባንክ ፊርማ

ሁለት ፈራሚ የሚደረገው አንዱ ሌላውን እንዲቆጣጠር ነው። በተግባር ግን የቦርድ ሰብሳቢው አዲስ አበባ ሲሄድ ሥራ እንዳይቆም ብሎ የቼኩን ደብተር በሙሉ ፈርሞ ለሒሳብ ሹሙ ይተዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚቆጣጠር የለም። ባዶ ቼክ አይፈርሙ፤ ካልተገኙ ሦስተኛ ተተኪ ፈራሚ በቃለ ጉባኤ ተወስኖ ለባንኩ ይላክ።

ከመፈረምዎ በፊት አራት ወረቀት ይቁጠሩ፦ የግዢ ጥያቄ፣ ደረሰኝ ወይም ኢንቮይስ፣ ዕቃው መግባቱን የሚያሳይ የመጋዘን ሰነድ፣ የክፍያ ማዘዣ። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ቼኩ ይመለስ። በየወሩ የባንክ ማስታረቂያ (የማኅበሩን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር የሚያመሳክር ወረቀት) ለቦርዱ ይቅረብ፤ አዘጋጁ ቼክ ከሚጽፈው ሰው የተለየ ይሁን።

ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክን እንደ ዋስትና መስጠት በገበያችን ተለምዷል። ስንቅ የሌለው (በሒሳቡ በቂ ገንዘብ የሌለው) ቼክ ማውጣት ግን በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ወንጀል ነው፤ የሚከሰሰውም የፈረመው ሰው ነው። ሰኞ ገበያ ላይ «ለመያዣ ያህል» የተሰጠ ደረቅ ቼክ ፈራሚውን እስር ቤት ሊያደርሰው ይችላል፤ ገንዘቡ የማኅበሩ መሆኑ አያድነውም።

ግብር፣ ጡረታ፣ ሠራተኛ

ቦርዱ ግብር ራሱ አይሠራም፤ መሠራቱን ግን ማወቅ አለበት። በየወሩ ስብሰባ የአንድ ገጽ ዝርዝር ይቅረብልዎት፦ የደመወዝ ግብር፣ ጡረታ፣ ተቀናሽ ግብርና ቫት፤ በየትኛው ቀን ተከፈለ፣ የደረሰኙ ቁጥር ስንት ነው። «ተከፍሏል» የሚል ቃል አይበቃም።

የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11፣ በድምሩ 18 በመቶ ነው። ገንዘብ ሲያጥር በመጀመሪያ የሚነካው ይህና ከደመወዝ የተቀነሰው ግብር ነው፤ ሁለቱም ግን የማኅበሩ ገንዘብ አይደሉም። ግብር ቀንሶ ለመሰወር ብሎ አለማስገባት በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። ድርጅት የታክስ ወንጀል ሲፈጽም በጊዜው ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰውም እንደፈጸመ ይቆጠራል። የሚድነው ያለ እሱ ዕውቀትና ፈቃድ መፈጸሙን፣ እንዳይፈጸምም ተገቢውን ትጋት ማድረጉን ካስረዳ ነው። ከላይ ያልነው የአንድ ገጽ ዝርዝር ያን ቀን ማስረጃዎ ይሆናል።

የማኅበሩ የሒሳብ ዓመት በሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ ዓመታዊ የገቢ ግብር ማስታወቂያው እስከ ጥቅምት 30 መግባት አለበት። መዘግየቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት፦ 400,000 ብር ግብር ሦስት ወር ቢዘገይ ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ለቀሩት ሁለት ወራት 2 በመቶ እየተጨመረ ቅጣቱ 36,000 ብር ይሆናል። ወለዱ ለብቻው ነው፤ ዘግይቶ የማስታወቅ ቅጣትም አብሮ ሊመጣ ይችላል። ይህ ወጪ በቸልተኝነት የመጣ ከሆነ ባለአክሲዮኖች ከቦርዱ ሊጠይቁት ይችላሉ። ማኅበሩ ግብሩን መክፈል እንዳይችል ሆን ተብሎ ንብረቱ እንዲሸሽ ከተደረገ ደግሞ በጊዜው የነበሩ ዳይሬክተሮች ዕዳውን በአንድነትና በነጠላ ይከፍላሉ።

ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ ያለው ማኅበር ቦርድ አንድ ተጨማሪ አጀንዳ አለው፤ ፍሳሽ። ከፋብሪካ የሚወጣው ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል፤ ታችኛው ተፋሰስ ላይ ሰውና ከብት ውኃውን ይጠቀማል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድርጅቱን ብቻ ሳይሆን ኃላፊውንም በእስራት ጭምር ይቀጣል። የማጣሪያው ሥራ ሪፖርት በየሩብ ዓመቱ ለቦርዱ ይቅረብ፤ ማጣሪያው ከቆመ መቼ እንደቆመና ምርቱ በምን ውሳኔ እንደቀጠለ ይጻፍ።

ትርፍ ክፍፍልና ማኅበሩ ሲዳከም

ባለአክሲዮን በየዓመቱ ትርፍ ይጠብቃል፤ ሰብሳቢውም ማስከፋት አይፈልግም። ባልተመረመረ ሒሳብ ላይ፣ ወይም ትርፍ ሳይኖር ከካፒታል ተወስዶ የተከፈለ ድርሻ ግን ቦርዱን ያስጠይቃል። ሕጋዊ መጠባበቂያው (ከትርፍ ላይ እንዲቀመጥ ሕጉ የሚያዘው ገንዘብ) ተቀንሶ፣ ግብሩ ተሰልቶ፣ ኦዲተሩ ፈርሞ፣ ጉባኤው አጽድቆ ነው የሚከፈለው።

ኪሳራው የካፒታሉን ትልቅ ክፍል መብላት ሲጀምር ወይም ዕዳ በቀኑ መክፈል ሲያቅት ቦርዱ ዝም ብሎ «ይሻሻላል» ማለት አይችልም። በየሳምንቱ የገንዘብ ፍሰት ይታይ፤ አስቸኳይ ጉባኤ ይጠራ፤ የመልሶ ማደራጀት ወይም የኪሳራ ሥርዓት በጊዜው ይጠየቅ። በዚህ ወቅት የሚከተሉትን አያድርጉ፦ ለአንድ ወዳጅ አበዳሪ ብቻ ቀድሞ መክፈል፣ ንብረት ለዘመድ በርካሽ መሸጥ፣ እንደማይከፈል እያወቁ ዕቃ በዱቤ መውሰድ። የማኅበሩ ንብረት ተጠብቆ ባለመቆየቱ ያልተከፈላቸው ገንዘብ ጠያቂዎች ዳይሬክተሮቹን ራሳቸው መክሰስ ይችላሉ። ጠቅላላ ጉባኤው «አንከስም» ብሎ ቢወስንም የእነሱ መብት አይቀርም።

ግዴታው ሲጣስ

ቀላሉ ውጤት መሻር ነው፤ ጉባኤው ዳይሬክተርን በማንኛውም ጊዜ ማንሳት ይችላል። ቀጥሎ ካሳ ይመጣል። ማኅበሩ በጉባኤ ውሳኔ ይከሳል፤ በቀጥታ የተጎዳ ባለአክሲዮን ወይም ሦስተኛ ወገንም በራሱ ስም ይከሳል። የማኅበሩን ገንዘብ ለግል ማዋል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 እምነት ማጉደል ሊሆን ይችላል። ከሕዝብ ገንዘብ ሰብስበው የሚያስተዳድሩ ድርጅቶችን የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሊሸፍናቸው ስለሚችል የቅጣቱ ክብደት ሌላ ነው። ክስ ሊመጣ እንደሆነ ካወቁ ሰነድ አይንኩ፣ ቃለ ጉባኤ ወደ ኋላ ቀን አይጻፉ። በፍትሐ ብሔር በካሳ ሊያልቅ የሚችለውን ነገር ወደ ሐሰተኛ ሰነድ ወንጀል የሚቀይረው ይህ ነው።

ሲለቁ

በቃል «በቃኝ» ማለት መልቀቅ አይደለም። መልቀቂያዎን በሁለት ቅጂ ጽፈው አንዱ ላይ ማኅተም፣ ፊርማና ቀን ያስደርጉ። የሚለቁት በአንድ ውሳኔ ባለመስማማት ከሆነ ምክንያቱን ይጻፉ፤ ግልባጭ ለኦዲተሩ። በእጅዎ ያለውን ማኅተም፣ የቼክ ደብተርና ሰነድ በዝርዝር ያስረክቡ። በቆዩበት ጊዜ ለተወሰነው ነገር ተጠያቂነትዎ አብሮዎት ስለሚሄድ የተሳተፉባቸውን ቃለ ጉባኤዎች ቅጂ ይያዙ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመጨረሻው ደረጃ ምዝገባው ነው። ለውጡ በቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ ጸድቆ፣ በንግድ መዝገብ እስኪገባ ድረስ ሦስተኛ ወገን እርስዎን አሁንም ዳይሬክተር አድርጎ ሊቆጥርዎት ይችላል። ማኅበሩ ካዘገየው ራስዎ ለንግድ መምሪያው ደብዳቤ ያስገቡ። በዚያው ሳምንት ማኅበሩ ሒሳብ ወዳለበት እያንዳንዱ ባንክ ቅርንጫፍ ሄደው ፊርማዎ እንዲሰረዝ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ባንኩ ደብዳቤውን መቀበሉን በቅጂዎ ላይ ያስፈርሙ።